ቢሾፍቱ የአየር ትርኢት ልትሄድ ላሰበችው እህታችን፦ ሂጂ፣ ግን እንደኔ አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። "የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ቢሾፍቱ ላይ የአየር ትርኢት አለ ሲባል ሰማሁ። የ9 ዓመት ልጄ ከአውሮፕላን ሌላ ወሬ የለውም። እናቴም እኔም ልምጣ እያለች ነው። ልሂድ ወይስ በቲቪ ይበቃናል?" ነው ያልሽው። ከስር "በቲቪ ይሻላል፣ ምን አንከራተተሽ" ያሉሽን ተያቸው። ግማሾቹ ሄደው አያውቁም። አውሮፕላን በቲቪ ማየት የሰው ሠርግ በቪዲዮ እንደማየት ነው። ሂጂ።

ስለ ቀኑና ስለ ፕሮግራሙ ሌሎቹ ነግረውሻል፤ አልደግመውም። እኔ የምነግርሽ እዛ ደርሶ አንጀቱ ያረረ ሰው የሚያውቀውን ነው።

1. ከደብረ ብርሃን በዕለቱ ተነስቼ እደርሳለሁ እንዳትዪ። ሲያስቡት ቀላል ነው። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ቢሾፍቱ 47። ጣጣው ያለው መሀል ላይ ነው። ላምበረት ወርደሽ ቃሊቲ መናኸሪያ ለመድረስ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር መሰንጠቅ አለብሽ። ለገጣፎ ላይ መንገዱ ከያዘሽማ አለቀ። በፍጥነት መንገዱም ብትሄጂ፣ ትርኢት ባለበት ቀን ሰልፉ የሚጠብቅሽ የቢሾፍቱ መውጫ ላይ ነው። ስለዚህ ዋዜማውን እዛው እደሪ። በዚያ ሰሞን አልጋ ይወደዳል። ሐይቆቹ ዳር ያሉትንማ ዋጋ አትጠይቂ፣ ለኛ አልተሠሩም። ከተማው ውስጥ ካጣሽ ዱከም ማደርም ያስኬዳል፤ ጠዋት ታክሲ አለ። አረርቲ ሆነሽ ጠይቀሽ ቢሆን በሞጆ በኩል ግቢ እልሽ ነበር፤ ያ መንገድ አዲስ አበባን ጭራሽ አያስረግጥም። ከመነሳትሽ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ሹፌሮቹን ጠይቂ የሚለውን ለሰሜን ሸዋ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ስለሆነ ዘልዬዋለሁ።

2. ልብስ። እኛ ከ2,800 ሜትር በላይ ነን፣ ቢሾፍቱ 1,900 ገደማ ነው። ጠዋት ጋቢ ያስለበሰሽ ብርድ እዛ የለም። ሜዳው ላይ ደግሞ ጥላ የሚባል ነገር አትጠብቂ። ለልጁ ኮፍያ፣ ለእናትሽ ጃንጥላ ያዢ።

3. በጉዞ አዘጋጅ እንዳትሄጂ። ይሄን በደንብ ስሚኝ።

ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ አየሁ። ደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ ምሳ፣ ቲሸርት፣ መግቢያ ባጅ፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ። ለእኔ፣ ለልጄና ለአማቼ 7,500 ብር በቴሌብር ላኩ። ብሩ እስኪገባ ድረስ "ወንድማችን፣ ክቡር ደንበኛችን" ነበርኩ። ከገባ በኋላ "ባጁን በአካል ቀርባችሁ ቢሮ ውሰዱ" ተባለ። ቢሮው የት? አዲስ አበባ። በሥራ ቀን! አማቼም "ፊቴን ሳያዩ ባጅ አይሰጡኝም እንዴ?" ብለው ተከተሉኝ። 4ኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ አይሠራም። አማቼ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ በየፎቁ እያረፍን ወጣን።

ውስጥ አንድ ልጅ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ተቀምጧል። ሰላምታችንን አልመለሰም። "ሲስተም የለም፣ ከሰዓት ተመለስ" አለኝ። ከሩቅ ነው የመጣነው አልኩት። "ሁሉም ከሩቅ ነው የሚመጣው" አለ። ከሰዓት ተመለስን። አሁን ደግሞ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። የልጁን የልደት ሰርተፍኬት አምጣ አለኝ፤ ማስታወቂያው ላይ ያልነበረ ነገር ነው። ዞር ብሎ አማቼን አየና "ሽማግሌውን ለምን ታንገላታዋለህ? ለሱ ቲቪ አይበቃውም?" አይለኝም መሰለሽ! የ70 ዓመት አዛውንት እፊቱ ቆመው "ሱ" ይላቸዋል። አማቼ ዝም አሉ። እኔ ዝም አላልኩም። ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም፤ አስተዳዳሪዎቹ ያጠፉብኛል።

መጨረሻ ላይ የሰጠን አንድ ቲሸርት ብቻ ነው። ልጄ ሲለብሳት ጉልበቱ ድረስ ወረደች። "ባጁ አውቶቡስ ላይ ይታደላል" ተባልን።

በዕለቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተገናኙ ያሉን ቦታ ተገኘን፤ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አድረን ነው። አውቶቡሱ 12 ሰዓት መጣ። ወንበር አልሞላም ብለው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። ለአየር ትርኢት የሚሄድ አውቶቡስ እንደ ገበያ ሚኒባስ በሞላ ቁጥር ሲነሳ ያየሁት ያን ቀን ነው። ባጅ አልታደለም። "በሩ ላይ ዝርዝራችሁ አለ" አሉን። ትርኢቱ ያለበት የአየር ኃይል ግቢ በር ላይ ዝርዝሩ ሲታይ የኛ ስም የለም። የኛ ብቻ አይደለም፣ ግማሹ አውቶቡስ የለም። አስተባባሪ የተባለው ልጅ "አንዴ ደውዬ ልምጣ" ብሎ ሄደ፣ በዚያው ስልኩ ዝግ ሆነ። በሩ ላይ የነበሩት ወታደሮች እውነት ለመናገር በሥነ ሥርዓት ነው ያናገሩን። ዝርዝር ውስጥ የሌለን ሰው ላስገባ ቢሉም አይችሉም፣ አልፈርድባቸውም። ለአማቼ ጥላ ፈልገው ያስቀመጧቸውም እነሱ ናቸው።

እና ትርኢቱን ከአጥር ውጪ፣ የቆመ አይሱዙ ላይ ከተንጠለጠሉ የሰፈር ልጆች ጋር አየነው። ምሳውም አልመጣም። ብሬን ስጠይቅ "የመግቢያው ጉዳይ እኛን አይመለከትም" የሚል አጭር መልእክት ደረሰኝ፤ ከዚያ ብሎክ አደረጉኝ። ስማቸውን በኢንቦክስ ንገረን ያላችሁኝ ሰዎች፣ አልናገርም፤ ስም ቀይረው ነው የሚሠሩት። ምልክታቸውን ግን እወቂ፦ "ስሜ ዝርዝሩ ላይ መግባቱን አሳየኝ" ስትያቸው "እዛ ስንደርስ እናስተካክላለን" ካሉሽ ብርሽን ያዢ።

ቀጥሎ በነበረው ትርኢት ራሴ አስመዘገብኩ። ማንንም አላማከርኩ። ማረጋገጫውን አትሜ፣ የሁላችንንም መታወቂያ ኮፒ አድርጌ፣ የልጁን የልደት ሰርተፍኬት ሳይቀር በፌስታል ያዝኩ። ዱከም አድረን ገና ሰው ሳይበዛ በሩ ላይ ነበርን። ገመዱ ሥር የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆምን። ከኋላዬ ባለ ጥሩ ካሜራ ጎረምሳ "ጋሼ፣ ትንሽ ዝቅ ይበሉልኝ" ሲለኝ የተሰማኝን ኩራት አልደብቅሽም።

በጊዜ ግቢ የምልሽ ለቦታ ብቻ አይደለም። ዋናው በረራ ጠዋት ነው የሚሆነው። ፀሐይ ከበረታች አየሩ ይሳሳል፤ ክንፉ የሚደገፍበት ያንሰዋል፣ ሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። ቢሾፍቱ ደግሞ ድሮም ከፍታ ላይ ነው። ከሰዓት ነፋስም ይነሳል። ስለዚህ ጥሩ ጥሩው ቶሎ ያልፋል፣ ከሰዓት የሚተርፍሽ መሬት ላይ የቆሙትን እየዞሩ ፎቶ መነሳት ነው። ጠዋትም ቢሆን መጀመሪያ ንግግር አለ። ከዚያ ሌላ ንግግር አለ። ልጁን በዚያ ሰዓት አብይው፣ ሽንት ቤትም ውሰጅው። አንዴ በረራው ከጀመረ ሽንት ቤት ወረፋ ላይ ሆኖ ያመለጠው ልጅ ለቅሶ ሰማይ ይሰነጥቃል፤ አይቻለሁ።

ፀሐይን ከኋላሽ አድርገሽ ቁሚ። ጄቱን በድምፁ አትፈልጊው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ነው የሚጓዘው፤ 3 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ጄት ድምፁ እስኪደርስሽ 9 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ድምፁ ወደመጣበት ስታዪ እሱ ሌላ ቦታ ነው። ልጄ ይሄን ቶሎ ገባው፤ ከድምፁ ፊት ፊቱን ያይ ነበር። እኔ ገና ስፈልግ እሱ "ያውልህ!" ይለኛል።

ጆሮውን ሸፍኚለት። ጥጥ አይበቃም። ሱኮይ 27 የሚባለው የአየር ኃይላችን ተዋጊ ጄት ሁለት ሞተር ነው ያለው፤ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ደረትሽ ውስጥ ነው የሚሰማሽ። የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉት የጆሮ መከላከያ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ይገኛል፤ እሱን ግዢለት። ለልጁ ለመንገድ ወሬ ከፈለግሽ ደግሞ፣ አገራችን የመጀመሪያው አውሮፕላን የገባው በ1921 ዓ.ም. ነው፤ ፖቴዝ የሚባል የፈረንሳይ ሥሪት። ሱኮዮቹ መምጣት የጀመሩት በ1991 ነው። የኔው ይሄን ክፍል ውስጥ ተናግሮ አስጨብጭቧል፣ አስተማሪው ጭምር።

ስልክሽን ቻርጅ አድርገሽ ሂጂ፣ ግን አትመኪበት። ያን ሁሉ ሰው ኔትዎርኩ አይችለውም። ከተጠፋፋችሁ የምትገናኙበትን ቦታ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የልጁ ኪስ ውስጥም ስልክ ቁጥርሽን በወረቀት ጽፈሽ ክተቺ። ድሮን ያለው ዘመድ ልከተላችሁ ካለሽ ድሮኑን ቤት ይተው፤ የጦር ሰፈር ነው።

የቀረኝ የእናትሽ ነገር ነው። "እሷ ምን ያደርግላታል" ያለሽ ሰው አይቻለሁ፤ ያ የቢሮው ልጅ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም። እኛ አገር እኮ የድሮ ሰው አውሮፕላንን ያወቀው በጣሊያን ጊዜ ነው። የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች በሸዋ ተራሮች ሲዋጉ ከላይ ቦምብ የሚጥልባቸው እሱ ነበር። አማቼ ያኔ አልተወለዱም፣ ግን እናታቸው የአውሮፕላን ድምፅ ስትሰማ ልጆቿን ይዛ ዛፍ ሥር ትገባ እንደነበር ሲወራ እየሰሙ ነው ያደጉት። የመጀመሪያው ጄት በላያችን ሲያልፍ የልጄን ጭንቅላት በሁለት እጃቸው ሸፍነው ዝቅ አደረጉት። ሁለተኛው ሲያልፍ ቀና አሉ። ሦስተኛው ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያውለበልቡ ነበር። አሁን እድር ላይ ስለ ሱኮይ ሲያስረዱ ብትሰሚ እሳቸው ያበረሩት ነው የሚመስልሽ።

ስለዚህ እናትሽን ውሰጃቸው። ግን ለእንግዶች እንጂ ለኛ ዓይነቱ ወንበር የለም፤ ሰዓታት መቆም አይችሉም። ታጣፊ ወንበር ያዢላቸው፣ ቀላሉን። ፍተሻ ላይ "ብረት ነው፣ አይገባም" ሊሉሽ ይችላሉ። አትጨቃጨቂ፣ እናትሽን ከፊት አስቀድሚያቸውና ወንበሩን እሳቸው ይያዙት። እኛ ያለፍነው እንደሱ ነው።