ፀሐይ የማትጠልቅበት ቀን

ጥያቄ፦ የጥንት ክርስቲያን ጸሐፊዎች ለተጨነቀ አእምሮ ከ«ጸልይ» ሌላ የሚሉት አላቸው?

መልስ፦ አላቸው፤ ያውም በዝርዝር። በግብፅ በረሃ የኖረውና እ.ኤ.አ. በ399 ያረፈው መነኩሴ ኤቫግሪየስ፣ ግሪኮች «አኬዲያ» የሚሉትን የነፍስ መዛል በሰዓት ለክቶ ይገልጸዋል። ከረፋዱ 4 ሰዓት ይጀምርና እስከ 8 ሰዓት ይቆያል (አቆጣጠሩ እንደኛው ከንጋት ነው)። ፀሐይ የቆመች፣ ቀኑም 50 ሰዓት የሆነ ይመስላል። መነኩሴው የምግብ ሰዓቱ የሆነው 9 ሰዓት ምን ያህል እንደቀረው ለማወቅ ፀሐይዋን ደጋግሞ ያያል፤ ቀስ በቀስ በዓቱንም (የሚኖርባትን ክፍል) የእጅ ሥራውንም ይጠላል።

ምክሩ ከበዓት አለመውጣት ነው፤ ሽሽት አእምሮን ፈሪ ያደርገዋልና። ሌላው ነፍስን ለሁለት ከፍሎ አንዷ ሌላዋን እንድታጽናና ማድረግ ነው። በአባ እንጦንስ ታሪክ ደግሞ መፍትሔው ቁጭ ብሎ ገመድ መጎንጎን፣ ተነሥቶ መጸለይ፣ እንደገና ተቀምጦ መጎንጎን ነው። ጸሎቱ ከሥራ ጋር መፈራረቁን ልብ ይበሉ።

ዮሐንስ አፈወርቅም ከጋኔን ነው የተባለ ሕመም ለጸናበት መነኩሴ ለስታጊርዮስ ሲጽፍ፣ ከጋኔኑ ይልቅ ከልክ ያለፈው ኀዘን እንደሚጎዳው ይነግረዋል።

ግን አኬዲያን ከዛሬው ድባቴ ወይም ከደረሰ መከራ ከሚመጣ የሥነ ልቦና ጉዳት ጋር አንድ አያድርጉት። ክፉ ትዝታ እንቅልፍ የነሳውን ሰው «ከክፍልህ አትውጣ» ማለት ብቸኝነቱን ያባብሳል፤ እሱ የሚያስፈልገው ባለሙያ ነው።