ድንጋዩን ከመምረጥሽ በፊት ክርንሽን ለኪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አቃተኝ። ኪችንሽ 2.4 በ3.6 ሜትር ነው፣ በሩ በአጭሩ ግድግዳ በኩል፣ መስኮቱ ፊት ለፊቱ። ለመሥሪያው ጠረጴዛ ድንጋይ ግራናይት ወይስ ኳርትዝ፣ ለካቢኔቱ ኤም ዲ ኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ጣውላ) ወይስ ፕላይውድ (ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀበት)፣ ለምድጃው ጋዝ ወይስ ኢንዳክሽን (ድስቱን ራሱን በማግኔት ኃይል የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ)፣ ደግሞስ ምድጃው ይቅደም ወይስ ካቢኔቱ ብለሻል። ካቢኔት መሥራትና መግጠም ሥራዬ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ። ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

በመጀመሪያ ቦታው ጠበበኝ ብለሽ አትጨነቂ። ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬቴ ሹተ-ሊሆትስኪ በ1926 የሠራችው የፍራንክፈርት ኪችን 1.9 በ3.4 ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ሁላችንም የምንሠራው ካቢኔት ከዚያ የመጣ ነው ማለት ይቻላል። እሷ ዲዛይኑን የጀመረችው አብሳዩ ስንት እርምጃ ይመላለሳል ከሚለው ነው። አንቺም ከዚያው ጀምሪ።

ስፋትሽ 2.4 ስለሆነ በሁለቱም ረጅም ግድግዳ 60 60 ሳንቲሜትር ካቢኔት ብታቆሚ መሀል 1.2 ሜትር መተላለፊያ ይቀርሻል። በጣም ጥሩ ነው። ከ1 ሜትር በታች ሲሆን ነው የኦቨኑ በር ተከፍቶ ሰው ማለፍ የሚያቅተው። ሲንኩንና ምድጃውን በአንድ ወገን አድርጊያቸው፤ የፈላ ውሃ የያዘ ድስት ይዞ መተላለፊያ ማቋረጥ፣ በተለይ ልጅ ባለበት ቤት፣ በጣም አደገኛ ነው። በሁለቱ መሀል ቢያንስ 60፣ ከተቻለ 90 ሳንቲሜትር ክፍት ቦታ ተዪ። ሥራሽ ሁሉ የሚሠራው እዚያች ላይ ነው፤ መክተፉም፣ መቀላቀሉም። ምድጃውን ግድግዳ ጥግ ወይም መስኮት ሥር እንዳታስገቢው፤ ጥግ ሲሆን የድስቱ እጀታ ግድግዳ ይነካል፣ መስኮት ሥር ሲሆን መጋረጃው ለእሳት ይቀርባል። ፍሪጁ ደግሞ በሌላው ወገን ወደ በሩ ይጠጋ። ውሃ ፈልጎ የመጣ ሰው አንቺ ሥራ ላይ ሳለሽ በመሀል አይገባብሽም። አጠገቡ ከፍሪጅ ያወጣሽውን የምታሳርፊበት 40 ሳንቲሜትር ያህል ቦታ ካለ ይበቃል።

የመሥሪያው ጠረጴዛ ቁመት። ይሄን ማንም አይጠይቅም፣ ወገብ የሚገድለው ግን እሱ ነው። ፋብሪካ የሚያወጣው 90 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ ላንቺ ልክ ይሁን አይሁን ሳያውቅ። ቤት ውስጥ የምታደርጊውን ጫማ አድርገሽ ቁሚ፣ ክንድሽን እጠፊ፣ ከወለሉ እስከ ክርንሽ አስለኪ፣ ከዚያ ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ቀንሺ። የወጣውን ቁጥር ከማመንሽ በፊት ጠረጴዛ ላይ መጽሐፍ ደራርበሽ ከፍታውን ሥሪና መክተፊያ አስቀምጠሽ አሥር ደቂቃ ሽንኩርት ክተፊበት። ትከሻሽ ወደ ላይ ከተነሣ በዝቷል፣ ወገብሽ ከጎበጠ አንሷል። ሲንኩ ያለበት ትንሽ ከፍ ቢል ይመረጣል፣ ምክንያቱም እጅሽ የሚሠራው ከላይ ሳይሆን የሲንኩ ሆድ ውስጥ ነው።

ወደ እንጨቱ ልምጣ። ሰው በካቢኔቱ በር ላይ ገንዘቡን ይጨርሳል። የሚበላሸው ግን ሌላ ነው። ለጥገና ተጠርቼ ስሄድ መጀመሪያ የምከፍተው የሲንኩን ሥር ነው፤ የታችኛው ጣውላ ቧንቧው በሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ አብጦ፣ ላዩ ተላጦ፣ ሲነኩት እንደ ረጠበ ዳቦ የሚፈረፈር ሆኖ ነው የማገኘው። ውሃ በጣውላው ፊት አይገባም፣ በተቆረጠው ጠርዝ ነው የሚገባው። ቀዳዳውን የቆረጠው ሰው ጠርዙን ሳያሽግ ሄዷል ማለት ነው። ስለዚህ የሲንኩ ሳጥን እርጥበት በሚቋቋም ፕላይውድ ይሠራ፣ የተቆረጠ ነገር ሁሉ በሲሊኮን ይታሸግ፣ ሳጥኖቹም ወለል ላይ እንዳይቀመጡ የሚስተካከል የፕላስቲክ እግር ይደረግላቸው። ለበሩ ኤም ዲ ኤፍ ምንም አይለውም፣ እንዲያውም ቀለም የሚያምርበት እሱ ላይ ነው። የላይኛው ደረቅ ካቢኔት ጠርዙ በደንብ ከተሸፈነ ቺፑድም (ከእንጨት ስብርባሪ የተጨመቀ ጣውላ) ቢሆን ይበቃዋል። እዚያ የቆጠብሽውን ማጠፊያውና የመሳቢያው ሐዲድ ላይ አውጪው። እባክሽ ይሄን ነገር አትለፊው። የታችኛው ካቢኔት በተቻለ መጠን እስከ መጨረሻው የሚወጣ መሳቢያ ይሁን፤ ባለ በር ሲሆን ከኋላ ያለውን ድስት ለማውጣት ተንበርክኮ የፊቱን ሁሉ ማራገፍ ነው።

ግራናይት ወይስ ኳርትዝ ላልሽው፣ እኔ ላንቺ ግራናይት ነው የምለው። ኳርትዝ 90 በመቶ ያህሉ የተፈጨ ድንጋይ ቢሆንም ቀሪው ሙጫ ነው። ማሸጊያ መቀባት አያስፈልገውም፣ ይሄ ጥሩ ጎኑ ነው። ግን ከእሳት የወረደ ድስት በቀጥታ ሲቀመጥበት ምልክት ሊይዝ ይችላል፣ የማያቋርጥ ፀሐይም ቀለሙን ይቀይረዋል፣ አንቺ ደግሞ መስኮቱ ፀሐይ ያስገባል ብለሻል። ግራናይት ሙቀቱን ይችላል፣ ጣጣው መምጠጡ ነው። ስትመርጪ ውሃ ጠብ አድርጊበትና ሩብ ሰዓት ጠብቂ፤ ቦታው ከጠቆረ ማሸጊያ ይፈልጋል። ነጭ እብነ በረድ ካማረሽ ሎሚና ኮምጣጤ እንደሚበሉት እያወቅሽ ይሁን። ሌላው ደግሞ፣ የትኛውንም ድንጋይ ቤትሽ ውስጥ በደረቁ እንዳያስቆርጡሽ። በተለይ የኳርትዝ አቧራ ሳንባ ይጎዳል፣ ሠራተኛውንም ጭምር።

ሲንክ ስትገዢ 304 የሚባለውን ስቴንለስ ስቲል ጠይቂ፣ 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ያለበት ነው፣ ዝገት ይችላል። ሁለት ጠባብ ጎድጓዳ ካለው አንድ ሰፊ ይሻላል፣ ትልቁ ድስት ተኝቶ ይታጠብበታል።

ኢንዳክሽን እኔ እወደዋለሁ። ክፍሉን ብዙም አያሞቅም፣ ለማጽዳት ይቀላል፣ የጋዝ ነበልባል የሚያወጣው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የለበትም። ግን መጀመሪያ ማግኔት ይዘሽ ድስቶችሽን ከሥራቸው ሞክሪ፣ ካልያዘ አይሠራልሽም። ባለ አራቱ ብዙ ጊዜ ወደ 7 ኪሎዋት ስለሚወስድ የራሱ መስመርና ብሬከር ያስፈልገዋል፣ ኤሌክትሪሻንሽ ሳያይ እንዳትገዢ። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆነ አንድ ጋዝ ማስቀረቱ አይከፋም። የትኛውንም ብትመርጪ የጭስ ማውጫው ቱቦ ወደ ውጭ ይውጣ፣ አጭርና ጥምዝ ያልበዛበት ይሁን። አየሩን አጣርቶ መልሶ የሚለቀው ዓይነት ሽታውን ይቀንስ እንጂ እንፋሎቱን አያወጣልሽም። መብራት ደግሞ ከላይኛው ካቢኔት ሥር ይዘርጋልሽ። ኮርኒሱ መሀል ያለው ብቻ ከሆነ ሁሌም የራስሽ ጥላ መክተፊያው ላይ ነው።

ለቅደም ተከተሉ፣ ምድጃውን፣ ፍሪጁንና ሲንኩን ቀድመሽ ምረጪ። መግዛት እንኳ የለብሽም፣ ሞዴሉን ወስነሽ የልኬት ወረቀቱን ያዢ። ሥዕሉ በዚያ ይሠራል፣ ከዚያ የውሃና የኤሌክትሪክ መስመር፣ ከዚያ ካቢኔት። ድንጋዩ የሚለካው ካቢኔቱ ቆሞ ከተስተካከለ በኋላ ነው፤ ከሥዕል ላይ ለክቼ ልቁረጥ የሚል ካለ አትስማሚ፣ ግድግዳ ቀጥ ብሎ አያውቅም።

አንድ ያልጻፍሽው ነገር የፍሳሽ ቱቦው በየትኛው ግድግዳ እንደሆነ ነው። እሱን ላኪልኝ፣ ሲንኩ የት እንደሚሆን የሚወስነው እሱ ነው።