«የጥንድ» ወይስ «የጥንዶች» ሻምፒዮና?

ጥያቄ፦ ስለ ስፒድዌይ የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም ለጻፍኩት ጽሑፍ «የዓለም ጥንዶች ሻምፒዮና» የሚል ርእስ ብሰጠው፣ ባልደረባዬ «የሚወዳደሩት ባልና ሚስት ናቸው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ትክክለኛው የትኛው ነው? ግሱስ «ጥንዱ አሸነፈ» ይሁን ወይስ «ጥንዱ አሸነፉ»?

መልስ፦ ባልደረባዎ የሳቁት ያለ ምክንያት አይደለም። «ጥንድ» ከ«ጠመደ» ጋር የሚዛመድ፣ ሁለት ሆነው እንደ አንድ ለሚቆጠሩ ነገሮች የምንጠቀምበት ስም ነው፤ «ጥንዶች» የሚለው ብዙ ቁጥር ግን በዛሬው አጻጻፍ ለፍቅረኞችና ለባለትዳሮች ወደ መሰጠቱ አድልቷል። በዚያ ላይ «የዓለም» ከፊቱ ሲገባ አንባቢው ቃሉን ከ«ሻምፒዮና» ይልቅ ከ«ጥንዶች» ጋር ያያይዘውና በምድር ላይ ያሉ ባልና ሚስቶች ሁሉ ትዝ ይሉታል።

ነገሩ ግን ከሳቅ ያለፈ የሰዋስው ምክንያት አለው። «የሴቶች ሻምፒዮና» ስንል የምንመልሰው «እነማን ይወዳደራሉ?» ለሚለው ጥያቄ ስለሆነ ብዙ ቁጥር ይስማማዋል። «የቡድን ሻምፒዮና» ስንል ግን ብዙ ቡድኖች መኖራቸውን እያወቅን በነጠላ የምንተወው፣ ቃሉ የሚናገረው ስለ ውድድሩ ዓይነት፣ ማለትም «እንዴት ይወዳደራሉ?» ለሚለው ስለሆነ ነው። «ጥንድ» የሚመደበው ከዚህ ከሁለተኛው ጋር ነው። ስለዚህ «የስፒድዌይ የጥንድ የዓለም ሻምፒዮና» ይበሉ፤ «የዓለም» ከ«ሻምፒዮና» ጎን ሲቀመጥ የተባለው መደናገር ይጠፋል።

የግሱን ጉዳይ ከውድድሩ ሕግ ተነሥቶ ማየት ይሻላል። ሻምፒዮናው በይፋ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ በስዊድን ማልሞ በተካሄደው የፍጻሜ ውድድር ያሸነፉት ኒውዚላንዳውያኑ አይቫን ሜጀርና ሮኒ ሙር ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፍሬን በሌላቸው ሞተር ሳይክሎች ከሁለት አገሮች ሁለት ሁለት ተወዳዳሪዎች ተሰልፈው ሞላላውን ሜዳ አራት ጊዜ ይዞሩ ነበር፤ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ለወጡት 3፣ 2፣ 1 እና 0 ነጥብ ይሰጥና የሁለቱ የአገር ልጆች ነጥብ ይደመር ነበር። «ጥንዱ 5 ነጥብ አገኘ» ካልን 3 እና 2 ተደምረው መሆኑ ግልጽ ነው። «ጥንዶቹ 5 ነጥብ አገኙ» ካልን ግን አንባቢው ለየብቻቸው ይሁን በጋራ፣ አንድ ጥንድ ይሁን ብዙ፣ ሳያውቅ ይቀራል። ስማቸው ሲጠራ ግን «ሜጀርና ሙር አሸነፉ» ማለት ግድ ነው፤ «ሜጀርና ሙር አሸነፈ» የሚል አማርኛ የለም።

ልዩነቱ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በእንግሊዛዊው ማልኮም ሲመንስ ታሪክ ነው። ሲመንስ በ1976 ከጆን ሉዊስ፣ በ1977 ከፒተር ኮሊንስ፣ በ1978 ደግሞ ከጎርደን ኬኔት ጋር ሆኖ ዋንጫውን ወስዷል። «የእንግሊዝ ጥንድ ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸነፈ» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው፤ «ጥንድ» እዚህ ላይ እንደ «ቡድን» አባላቱ ቢለዋወጡም ጸንቶ ይቆያል። «ሁለቱ እንግሊዛውያን ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸነፉ» የሚለው ግን ሐሰት ነው፤ ሁለቱ ሰዎች በየዓመቱ ያው አልነበሩምና።

ቃሉን ሕጉ ራሱ የፈተነበት ጊዜም አለ። ከ1991 እስከ 1993 ለእያንዳንዱ አገር ሦስተኛ ሰው ተፈቅዶ ነበር፤ ሦስት ሰው ያለበትን «ጥንድ» የሚቀበል ሰዋስው እኔ አላውቅም! ሻምፒዮናው በ1993 ተቋረጠ፤ በጥንድ የመወዳደሩ ሥርዓት ግን በ2018 በተጀመረው የአገሮች የስፒድዌይ ውድድር ተመልሷል። በአሁኑ የዚህ ውድድር አሠራር ነጥቡ 4፣ 3፣ 2 እና 0 ስለሆነ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጣው ጥንድ በ5 ነጥብ አንደኛና አራተኛ የወጣውን ባለ 4 ነጥብ ጥንድ ይረታል። ስለዚህ «አንደኛ ወጥቶ ተሸነፈ» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢያጋጥምዎ ለማረም አይቸኩሉ፤ የወጣው ተወዳዳሪው፣ የተሸነፈው ጥንዱ ነው። ጸሐፊው ሁለቱን ባለቤቶች ለይቶ ቢጽፍ ግን ይሻለው ነበር።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። «ዙር» የሚለውን ቃል ለሜዳው አንድ ጊዜ ዙረትም፣ አራቱ ሰዎች ለሚያደርጉት እያንዳንዱ ፉክክርም ከተጠቀሙበት «በሦስተኛው ዙር ወደቀ» የሚለው ሁለት ትርጉም ይይዛል። «ዙር»ን ለዙረቱ ትተው ፉክክሩን «ግጥሚያ» ቢሉት «በአምስተኛው ግጥሚያ ሦስተኛ ዙር ላይ ወደቀ» ብለው ያለ ችግር መጻፍ ይችላሉ።