የመሪ ራክ ጎሚኒ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ መሪ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ጥያቄዎች ብዙዎቹ ጎሚኒ በምትባል፣ ከጎማ በተሠራች ትንሽ መደገፊያ ላይ ያርፋሉ። እሷን ሳያዩ ራክ የሚያስቀይሩ ሰዎች ያሳዝኑኛል። እንጀምር።

ጥያቄ፦ መሪ ስጠመዝዝ ከፊት በኩል «ቋ» ይላል። ራኩ ሙሉ በሙሉ ይቀየር ተብያለሁ። ልቀይር?

ቆይ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጎሚኒውን አሳይ። ራክ ማለት በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል የተጋደመው ረጅም ቱቦ ነው። መሪው ሲዞር ውስጡ ያለው ጥርሳም ዘንግ ግራና ቀኝ እየሄደ ጎማዎቹን ይመራል። ቱቦው ራሱ ግን ከቦታው መሄድ የለበትም። ከመኪናው ብረት ጋር በቡሎን ታስሯል፤ በመካከላቸው ያለው ጎሚኒ ነው። ጎሚኒው ሲላላ መሪ በዞረ ቁጥር መጀመሪያ ቱቦው ይንሸራተታል፣ ብረቱን ይመታል፣ ጎማው የሚታዘዘው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ ራሴ ደህና ራክ አስቀይሬ አውቃለሁ። ድምፁ ግን አልጠፋም። አዲሱን ራክ በአሮጌው ጎሚኒ ነበር የገጠሙልኝ።

ጥያቄ፦ ከድምፅ ሌላ በምን ይታወቃል?

መሪው መሀል ላይ ይላላል። ቀጥ ባለ መንገድ ሳይቀር ደጋግመሽ ታስተካክያለሽ። አንዳንዴም ፍሬን ስትይዢ ወይም ነዳጅ ስትሰጪ መኪናው ወደ ጎን ይስባል። የተለመደው መንስኤ እርጅና፣ የሞተር ሙቀትና የሚያፈስ ዘይት ነው። ዘይት የነካው ጎሚኒ ያብጥና እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። እንዲህ ከሆነ መጀመሪያ የሚያፈሰውን አስጠግኚ፤ አለበለዚያ አዲሱም ብዙ አይቆይም።

ጥያቄ፦ ራሴ እንዴት ልፈትሽ?

ሁለት ሰው ያስፈልጋል። መኪናው በጎማው ይቁም፤ ጉድጓድ ላይ ወይም ጎማዎቹ የሚቆሙበት ማንሻ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ጎማዎቹ አየር ላይ ከተንጠለጠሉ በቀላሉ ስለሚዞሩ ችግሩ ይደበቃል። እጅ ፍሬን ያዝ፣ ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርግ። መሪው በዘይት ግፊት የሚሠራ ከሆነ ሞተሩ ይነሳ፤ ቦታው አየር ያለው ይሁን።

አንዱ መሪውን ከመሀል ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ደጋግሞ ያወዛውዝ። ሌላው በባትሪ እያበራ ቱቦው የታሰረበትን ቦታ ይመልከት። ሁለቱንም ጫፍ እይ፤ አንዱ ደህና ሆኖ ሌላው ሊያልቅ ይችላል። ጎማ ስለሆነ ጥቂት መለጠጡ ያለ ነገር ነው። ቱቦው ወዲያና ወዲህ ሲንሸራተት በግልጽ ከታየህ ወይም ጎሚኒው ተሰንጥቆ ወጥቶ ከሆነ ግን ጎሚኒው አልቋል፤ ይቀየር።

አንድ ነገር እለምንሃለሁ፦ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር አትግባ። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።

ጥያቄ፦ እንዳልከው አየሁ፣ ራኩ አይነቃነቅም። ድምፁ ግን አለ።

እንግዲያው ወደ ሌላው እንሂድ። የፊቱን አንስተህ ካቫሌቶ (መኪና የሚያርፍበት የብረት ማቆሚያ) ላይ አሳርፍ። ጎማውን ግራና ቀኝ ጎኑን ይዘህ ወዝውዝ። ላላ ካለ ቴስቲናውን (ጎማው በኩል ያለውን የዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ) ወይም ከራኩ ጋር የሚያያይዘውን የውስጥ ዘንግ ጠርጥር። ከመሪው ወደ ራኩ የሚወርደው ዘንግ መገጣጠሚያም ድምፅ ያወጣል። ራኩ ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ቡሽም ሊያልቅ ይችላል፤ እሱ የውጭ ጎሚኒ በመቀየር አይፈታም።

ድምፁን ለማጥፋት ብሎ የራኩን ማስተካከያ ማጥበቅን እቃወማለሁ። ከልክ ካለፈ መሪው ይከብዳል፣ ከመታጠፊያ በኋላም በራሱ ወደ መሀል አይመለስም። ይህ አደጋ ነው።

ጥያቄ፦ መቀየሩ ከባድ ነው?

እንደ መኪናው ነው። ብዙ መኪና ላይ አንዱ ጎን በማቀፊያ ብረት የሚያዝ፣ ጎኑ የተሰነጠቀ ጎሚኒ ነው። እሱ ቀላል ነው፦ ማቀፊያውን ፈትቶ፣ አሮጌውን አውጥቶ፣ ቦታውን አጽድቶ አዲሱን ማልበስ። ሌላው ጎን ተጨምቆ የገባ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ መዶሻ አይነሳ፤ ብዙ ጊዜ የራኩ አካል አሉሚኒየም ስለሆነ ይሰነጠቃል። ረጅም ቡሎን፣ ዳዶና በልኩ የሆነ ቱቦ ይዘህ ቀስ እያልክ ዳዶውን እያጠበቅህ ሳበው። ለማስገባት የሳሙና ውኃ ይበቃል። ግራሶና የሞተር ዘይት ጎማ ስለሚበላ አትጠቀም።

ከመጀመርህ በፊት ጎማዎቹን ቀጥ አድርገህ መሪውን ቆልፍ። ከመሪው የሚወርደውን ዘንግ ከራኩ መፍታት ግድ ከሆነ መጀመሪያ ምልክት አድርግበት። ዘንጉ ተፈትቶ ሳለ መሪው በነጻ ከዞረ የኤርባጉ ጥቅል ገመድ ይበጠሳል። ቡሎኖቹን አምራቹ ባስቀመጠው የማጥበቂያ ልክ እሰር፤ በግምት አይሆንም።

ጥያቄ፦ ከጎማ ይልቅ ከፖሊዩሬታን (ጠንከር ካለ ሰው ሠራሽ ቁስ) የተሠራ ጎሚኒ ይሻላል?

መሪው ፈጥኖ ይታዘዛል፤ የመንገዱ ንዝረት ግን ወደ እጅህ ይመጣል። ለዕለት መኪና እኔ ከጎማ የተሠራውን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ከተቀየረ በኋላ አላይመንት (የጎማዎችን አቅጣጫ ማስተካከል) ግዴታ ነው?

አዎ፣ አሠሩት። ራኩ ትንሽ ቦታ ቢቀይር የጎማዎቹ አቅጣጫ አብሮ ሊዛባ ይችላል፤ ጎማው ሳያስታውቅ በአንድ ጎኑ ይበላል። ከዚያ በፊት ግን ቀስ ብላችሁ ንዱትና መሪው ቀጥ ብሎ መቆሙን እዩ። ተመልሳችሁም ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ዳስሱ።