ኩርባ ውስጥ ፍሬን መርገጥ ይብቃችሁ

ወገኖቼ፣ ከተማ ውስጥ አሥር ዓመት መንዳት የገጠር መንገድ ሹፌር አያደርግም። ከተማ የሚያስለምደው ከፊት ያለውን መኪና ጀርባ እያዩ ረገጥ ለቀቅ ማድረግን ነው። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ከአስፋልት የሚያስወጣችሁም ይኸው ልማድ ነው። ወደ ሰው አገር የመጣው ሁሉ እዚሁ ላይ ሲሰናከል ማየት ሰልችቶኛልና በግልጽ ልናገር።

1. ወረቀት

መንጃ ፈቃዳችሁንና ኢንሹራንሳችሁን ጊዜው ሳያልፍ አድሱ። አለቀ።

2. ጎማና አቀማመጥ

የጎማ ንፋስ የሚለካው መኪናው ሳይነዳ፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ልኩ አብዛኛውን ጊዜ የሹፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ተለጣፊ ላይ አለ፤ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ጎማው የሚችለው ጣሪያ እንጂ የመኪናችሁ ልክ አይደለም። ወንበሩን ስታስተካክሉ ትከሻችሁ ከመደገፊያው ሳይነሳ የእጃችሁ አንጓ የመሪው አናት ላይ ይድረስ። መሪውን እንደ ሰዓት ብታዩት እጆቻችሁ 9 እና 3 ላይ ይሁኑ። አንድ እጁን ማርሽ ላይ ጭኖ የሚዝናና ሰው ኩርባው ሲጠብበት ሁለተኛውን እጅ ለማምጣት ጊዜ አያገኝም።

3. ፍሬን ቀጥታው ላይ ያልቃል

አንድ ጎማ አስፋልቱን የሚነካው በመዳፍ ስፋት ያህል ነው። የዚያች መዳፍ ጉልበት ውስን ነው፤ ለፍሬን የሰጣችሁት ከመሪው ይቀነሳል። ኩርባው መሃል ደንግጣችሁ ፍሬን ስትረግጡ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላ ጎማዎች ይቀላሉ፣ የመኪናው ጀርባ ሊያመልጣችሁ ይችላል። ነዳጁን ድንገት መልቀቅም መጠኑ ቢያንስ እንጂ ሥራው ያው ነው።

ወደ ቀኝ የሚታጠፍ አንድ ኩርባ እንውሰድ። በ80 እየመጣችሁ ነው፤ ኩርባው 50 ይፈልጋል። መንገዱ ገና ቀጥ እንዳለ ስፖኪዮ እዩ። ፍሬኑን ለስለስ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ ወዲያው ጠንከር አድርጉ፣ መጨረሻ ላይ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፤ ወደ ታች ያጎነበሰው የመኪናው አፍንጫ በዝግታ ይነሳ። ማርሹ በእጅ ከሆነ 3ኛ አስገቡና ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። ይህ ሁሉ መሪው ሳይዞር ያልቃል። ከዚያ መሪውን በአንድ ወጥ እንቅስቃሴ አዙሩ፤ ነዳጅ ፍጥነቱን ለመጠበቅ ያህል ብቻ ስጡ። መንገዱ ተከፍቶ መሪውን መመለስ ስትጀምሩ ነዳጁንም በዚያው ልክ ጨምሩ።

ኋላ የተቀመጠው ልጅ ሲያስታውክ የልጁን ሆድ አትውቀሱ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእናንተ እግር ነው።

«ከ60 ወደ 80 ብጨምር ምን አለበት?» የምትሉ አላችሁ። ፍጥነቱ የጨመረው በሲሶ ነው፤ ጎማው መኪናውን ኩርባው ላይ ለማቆየት የሚያወጣው ጉልበት ግን ወደ 1.8 እጥፍ ይጠጋል። «ምልክቱ 90 ይላል» የሚለውንም መልስ አልቀበልም። ያ ጣሪያ ነው! የረገፈውን እርጥብ ቅጠል፣ ትራክተር የጣለውን ጭቃ፣ ጥላ ውስጥ ያልቀለጠውን በረዶ ምልክቱ አያውቅም፤ ጂፒኤሱም አያውቅም። ከኋላ ተጠግቶ የሚገፋችሁ ሰው መንገዱን በልቡ ያውቀው ይሆናል፤ እናንተ አታውቁትም። በይሉኝታ ፍጥነት ጨምሮ ገደል መግባት ምን የሚሉት ጨዋነት ነው? ሰፊ ቦታ ስታገኙ ፍሬቻ አሳይታችሁ አሳልፉት።

4. ዓይን

ኮፈናችሁን ሳይሆን የመንገዱ ግራና ቀኝ ጠርዞች ሩቅ ላይ የሚገናኙበትን ነጥብ እዩ። ነጥቡ እየቀረባችሁ ከመጣ ኩርባው እየጠበበ ነውና ነዳጁን በዝግታ ቀንሱ። ርቀቱ ካልተለወጠ ፍጥነታችሁ ልክ ነው። ከሸሻችሁ መንገዱ እየተከፈተ ነው። ምንጊዜም ከዚያ ነጥብ በፊት መቆም መቻል አለባችሁ። በ80 ስትነዱ በ1 ሰከንድ 22 ሜትር ትሄዳላችሁ፤ እግራችሁ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ 1 ሰከንድ ብንል፣ በደረቅ አስፋልትም ለመቆም ከ50 ሜትር በላይ ያስፈልጋችኋል። የሚታያችሁ 30 ሜትር ብቻ ከሆነ ከጥጉ ጀርባ የቆመውን ነገር ለመግጨት ወስናችኋል ማለት ነው። ሁለት መኪና የማያሳልፍ ጠባብ መንገድ ላይ ደግሞ ከምታዩት እኩሌታ ውስጥ መቆም አለባችሁ፤ ከፊት የሚመጣውም መቆሚያ ይፈልጋል።

5. ከተንሸራተተ

መሪውን አዙራችሁት መኪናው ቀጥ ብሎ ከሄደ የበለጠ አታዙሩ፤ ነዳጁን ቀንሱና መሪውን ጥቂት መልሳችሁ ጎማው እስኪይዝ ጠብቁ። የኋላው ከሸሸ መሄድ ወደምትፈልጉበት እያያችሁ መሪውን ወደዚያው መልሱ። ከፊታችሁ መንገድ የዘጋ ነገር ካለ ኤቢኤስ (ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚከላከል ሥርዓት) ያለውን ፍሬን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ መሪውን ተጠቀሙ፤ ፔዳሉ ሲንቀጠቀጥ ተበላሸ ብላችሁ እግራችሁን አታንሱ፣ ሥራውን እየሠራ ነው።