የቤት ውስጥ ጥቃት አገልግሎትን እንድገመግም ተመደብኩ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ በስታትስቲክስ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመቴ ነው። በቅርቡ አንድ አማካሪ ድርጅት ቀጠረኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ የከተማ አስተዳደር የቤት ውስጥ ጥቃትን ለመከላከልና ተጎጂዎችን ለመርዳት የሚያካሂደውን ፕሮግራም መገምገም ነው። የፕሮግራሙ ኃላፊ ገና በመጀመሪያው ስብሰባ «ለፖሊስ የሚቀርበው አቤቱታ ጨምሯል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ አልሠራም» አሉ። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ድምዳሜው ግን አልተዋጠልኝም። ደግሞ የለመድኩት ከቁጥር ጋር ነው፤ ጥቃት ከደረሰበት ሰው ጋር ሠርቼ አላውቅም። ሥራው ለእኔ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል እህቴ። «አልተዋጠልኝም» ማለትሽ ብቻውን ግማሽ መንገድ ወስዶሻል።

እንደ ተባበሩት መንግሥታት መረጃ፣ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች እርዳታ የሚጠይቁት ከ40 በመቶ በታች ናቸው። ከእነዚህም ፖሊስ ጋ የሚሄዱት 10 በመቶ አይሞሉም። አብዛኞቹ የሚሮጡት ወደ ቤተሰብና ወደ ጓደኛ ነው። የፖሊስ መዝገብ የሚቆጥረው ደፍሮ በሩን ያንኳኳውን ብቻ ነው። ጥሩ አገልግሎት ሲከፈት ደግሞ መጀመሪያ የሚጨምረው አቤቱታ ነው። ጥቃቱ ራሱ ቀንሷል ወይ የሚለውን ለማወቅ ቤት ለቤት የሚደረግ ጥናት ያስፈልጋል። በአጭር ጊዜ ግምገማ ይህን እንለካለን ብላችሁ ቃል እንዳትገቡ።

አንቺ ልትለኪ የምትችይው ሴትዮዋ የምታልፍበትን መንገድ ነው። ሌሊት ደወለች እንበል። ስልኩን ማን አነሳው? ከዚያ ፖሊስ፣ ሐኪም፣ መጠለያ፣ ፍርድ ቤት አለ። ታሪኳን ስንት ጊዜ ከሀ ጀምራ ተናገረች? ሪፈራል የተጻፈላቸው ስንት ናቸው፣ የተላኩበት የደረሱትስ? ብዙ ሪፖርት የሚያወራው ስለተጻፈው ወረቀት ነው። የላኪውንና የተቀባዩን መዝገብ ጎን ለጎን አድርጊና መሀል ላይ የጠፉትን ፈልጊ። ሰዓትም ቁጠሪ። ተገድዳ የተደፈረች ሴት የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱን በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለባት። በአራተኛው ቀን ሐኪም ጋ የደረሰችው ግን በሪፖርቱ ላይ «አገልግሎት ያገኘች» ተብላ ልትቆጠር ትችላለች። እዚህ ጋ ነው የስታትስቲክስ ሰው የሚፈለገው። ጭራሽ መንገዱ ውስጥ ያልገቡትንም አትርሺ፤ አካል ጉዳተኞችን፣ የራሳቸው ስልክ የሌላቸውን።

አንድ ጊዜ የመጠለያ ተጠቃሚዎች መቶ በመቶ ረክተዋል የሚል ያማረ ሪፖርት አይቼ ነበር። ጠያቂው ማን ነበር ብዬ ሳጣራ የመጠለያው ኃላፊ ራሳቸው ሆነው ተገኙ! የምታድርበትን ቤት ማን ደፍሮ ያማል?

ተጎጂዎችን የማነጋገሩ ነገር ማስፈራቱ ጥሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የሥነ ምግባርና የደኅንነት መመሪያ ሳታነቢ አትውጪ። ለብቻዋ ካልሆነች አትጠየቅም። ከአንድ ቤት አንድ ሴት ብቻ። ጥናቱም ቤተሰቡ ዘንድ «የጤና ጥናት» እንጂ «የጥቃት ጥናት» ተብሎ አይታወቅም። በራስሽ ተነስተሽ ስልኳ ላይ አትደውይ፣ መልእክትም አትላኪ፤ ስልኩን የሚፈትሸው ባሏ ሊሆን ይችላል። ሠንጠረዥ ስትሠሪም ተጠንቀቂ። ስም ባይኖርም የትንሽ ሰፈር ስም፣ ዕድሜና የልጆች ብዛት አንድ ላይ ከገቡ ጎረቤት ያውቃታል። ለማነጋገሩ የሠለጠነ ሰው ካለ ለእሱ ተይው፤ ነውር የለውም።

መከላከሉ ላይ «ይህን ያህል ሰው ሠለጠነ» የሚል ቁጥር ይሰጡሻል። ተቀበዪውና ከዚያስ ምን ተለወጠ በዪ። ካምፓላ ውስጥ «ሳሳ!» የተባለው ፕሮግራም የሰፈሩን ነዋሪዎች ራሳቸውን አወያይ አድርጎ ዓመታት ሠርቷል። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት፣ ሴቶች ባለፈው ዓመት ከትዳር ወይም ከፍቅር ጓደኛ የደረሰባቸው አካላዊ ጥቃት ፕሮግራሙ ካልደረሰባቸው ሰፈሮች በ52 በመቶ ያነሰ ነበር። የግማሽ ቀን ስብሰባና ቲሸርት ይህን አያመጣም።

የግምገማውን ውልም እዪው። ረቂቁን ማን ያርማል? ሪፖርቱ ይፋ ይሆናል ወይስ መሳቢያ ይገባል? ይህን ውሉ ከመፈረሙ በፊት ጠይቂ፤ በኋላ ለመጠየቅ ይከብዳል።

ለኃላፊው በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ጥያቄ አቅርቢላቸው፦ አቤቱታ ካቀረቡት ውስጥ ያው ሰው ዳግመኛ አጥቅቷቸው የተመለሱት ስንት ናቸው? መዝገባቸው ይህን መመለስ ካልቻለ የመጀመሪያውን ግኝትሽን ጻፊ።