ሂዝቡል ኢስላም የት ገባ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ድሮ ሬዲዮ ስንከፍት የሶማሊያ ታጣቂዎች ወሬ አይጠፋም፣ ሂዝቡል ኢስላም እንዲህ አደረገ፣ ራስ ካምቦኒ ብርጌድ ይሄን ያዘ ሲባል ነበር፣ አሁን ስማቸውን የሚያነሳም የለ፣ አልሸባብ ብቻ ቀረ። ሁሉም ከአንድ ቤት የወጡ አይደሉም እንዴ? አንዱ ሲከስም ሌላው እንዴት ቆየ? (የድሬው ልጅ)

መልስ፦ ልክ ነህ ወንድማችን፣ ከአንድ ቤት ነው የወጡት። ቤቱ በ2006 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምነግርህ) ሞቃዲሾን የያዘው የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ህብረት ነው። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የኛ ጦር ገብቶ በተነው፣ ከዛ አንዱ ክንፍ ጅቡቲ ላይ ተደራድሮ ሊቀመንበሩ ሼክ ሸሪፍ በ2009 መጀመሪያ ፕሬዝዳንት ሆነው ቁጭ አሉ፣ ያኮረፉት አራት ቡድኖች ደግሞ ተሰባስበው ሂዝቡል ኢስላም ተባሉ፣ ትንሽ ቆይቶ ሀሰን ዳሂር አዌይስ ከአስመራ መጥቶ መሪያቸው ሆነ። አዌይስ ያው የድሮው የአልኢትሃድ ሰው ነው፣ በ1996 አዲስ አበባ ሆቴሎች ላይ ቦምብ አፈነዳሁ ያለውን ድርጅት ታስታውሳለህ።

አልሸባብ የህብረቱ ወጣት ክንፍ ነበር። ከሂዝቡል ኢስላም ጋር የሚለያዩበት የሃይማኖት ትርጉም አለ ይባላል፣ ይኖር ይሆናል፣ እኔን ከጠየቅከኝ ግን የተጣሉት በደቡብ ሶማሊያዋ በኪስማዮ ወደብ ነው። ከተማዋን በ2008 አልሸባብና ራስ ካምቦኒ (ኋላ ሂዝቡል ኢስላም ከሆኑት አራቱ አንዱ) አብረው ያዙ፣ ስድስት ስድስት ወር እየተፈራረቅን እናስተዳድር ተባባሉ። ተራው ሲደርስ አልሸባብ ማንንም ሳያማክር የራሱን ሰዎች ሾመ! በጥቅምት 2009 ተታኮሱ፣ ራስ ካምቦኒ ተባረረ፣ ወደብ ያጣ ቡድን ደግሞ ለተዋጊው የሚከፍለው የለውም። ራስ ካምቦኒ ራሱ ለሁለት ተከፈለ፣ ሽማግሌው ሀሰን ቱርኪ አልሸባብ ገባ፣ አህመድ ማዶቤ ወደ ኬንያ አዘነበለ። ሂዝቡል ኢስላም በ2010 መጨረሻ ተሸንፎ አልሸባብ ውስጥ ተዋጠ፣ በቃ።

አልሸባብስ ኪስማዮን በ2012 ተነጥቆ የለም እንዴ ትለኝ ይሆናል። ተነጥቋል፣ ግን እስከዛ የገንዘቡን መንገድ ለምዶት ነበር። ገልፍ ዓረብ ሀገሮች ሺሻ ቤት የሚነደው የግራር ከሰል ከዛው አካባቢ ነበር የሚጫነው፣ የተባበሩት መንግስታት በ2012 ቢከለክለውም መጫኑ አልቆመም፣ አልሸባብም ወደቡን ቢያጣ ከሰሉ የሚያልፍበት ኬላ ላይ ቀረጡን መሰብሰቡን አልተወም። አሰራሩን እይልኝ፣ ሹፌሩ አንዱ ኬላ ላይ ይከፍልና ደረሰኝ ይሰጠዋል፣ ቀጣዩ ኬላ ላይ ደረሰኙን አሳይቶ ያልፋል። የመንግስት ወታደር ያለበት መንገድ ላይ ግን በየኬላው አውጣ ነው። ነጋዴው አልሸባብን ወዶ አይደለም፣ ሂሳቡን ስለሚያውቀው ነው በዛ በኩል የሚሄደው።

ሌላው ደግሞ አልሸባብ ከውስጥ የሚገነጠለውን አይምርም። መሪው ጎዳኔ በ2013 ድርጅቱን አብሮት የመሰረተውን ኢብራሂም አል አፍጋኒን ባራዌ ከተማ ላይ አስገደለ፣ አል አፍጋኒ ጎዳኔን ለአልቃይዳ ከሶ ነበር። አዌይስም ያኔ ነፍሱን ይዞ ሸሸና ሞቃዲሾ ላይ መንግስት አሰረው። ጎዳኔ ራሱ በዓመቱ በአሜሪካ አየር ድብደባ ሞተ፣ ድርጅቱ ግን ቀጠለ፣ ኬላው እሱን አይጠብቅማ።

ዳኢሽንም (እስላማዊ መንግስት የሚባለውን፣ የሶማሊያ ክንፉን) በዚሁ እየው። አብዱልቃድር ሙሚን በ2015 ከአልሸባብ ተገንጥሎ በሰሜን ምስራቅ ሶማሊያ ራስ ገዟ ፑንትላንድ ተራራ ላይ ወጣ፣ በ2016 ቃንዳላ የምትባል የባህር ዳር ከተማ ይዞ ሁለት ወር እንኳ አልቆየባትም። የራሱ ወደብ የለው፣ የፑንትላንዷን ወደብ የቦሳሶን ነጋዴ እያስፈራራ ነው የኖረው። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ የፑንትላንድ ጦር በአሜሪካና በኤምሬትስ አየር ድጋፍ ካል ሚስካድ ተራራ ላይ ዋሻ ለዋሻ ሲያባርረው ከረመ። ከተዋጊዎቹ ውስጥ የኛ ሀገር ልጆችም አሉ፣ ቦሳሶ ወደ የመን የሚሻገሩ ልጆቻችን መተላለፊያ መሆኗን ልብ በል።

የት ገቡ ላልከው፣ ማዶቤ በ2007 በአሜሪካ አየር ድብደባ ቆስሎ በኢትዮጵያ ጦር የተያዘ ሰው ነው፣ ኋላ ተፈታ፣ ከ2013 ጀምሮ ኪስማዮ ያለችበት ክልል የጁባላንድ ፕሬዝዳንት ሆነ። የአልሸባብ ምክትል የነበረው ሙክታር ሮቦው ደግሞ በ2012 አሜሪካ 5 ሚሊዮን ዶላር የቆረጠችበት ነው፣ በ2017 እጁን ሰጠ፣ በ2018 ምርጫ ልወዳደር ሲል ታሰረ፣ በ2022 ከእስር አውጥተው የሃይማኖት ጉዳይ ሚኒስትር አደረጉት።